ሕግ ለመማር አስቤ ፈራሁ፤ የደሴና የኮምቦልቻ የሕግ ባለሙያዎች ብታማክሩኝ

ጠያቂ፦ የቦርከና ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን በማጠናቀቅ ላይ የምገኝ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው። በቅርቡ የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ እንሞላለን። ሕግ ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ትምህርት ቢሆንም በቅጹ ላይ አንደኛ ምርጫ አድርጌ ለማስፈር ግን እስካሁን አልደፈርሁም፤ ስለዚህ በሙያው ውስጥ ያላችሁ እንድታማክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ የሚያሳስበኝ የጊዜው ርዝመት ነው። አካውንቲንግ ለመግባት ያሰቡት ጓደኞቼ በአራት ዓመት ሲመረቁ ሕግ አምስት ዓመት ይወስዳል። አባቴ በፋብሪካ ደመወዝ አራት ልጆች የሚያስተምር ሰው በመሆኑ ያቺ ትርፍ ዓመት ለቤታችን ቀላል አይደለችም፤ እርሱም «ቶሎ ጨርሰሽ ሥራ የምትይዢበትን እዪ» ከማለት በቀር ምርጫውን ለእኔ ትቶታል። ከዚህ ሌላ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሕግ የአፈ ጮሌ ሙያ እንደሆነ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የምወድ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ መናገር ግን የሚከብደኝ ነኝ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየተሰጠ የፍርድ ቤቱ ሥራ በአማርኛ መሆኑም ያስጨንቀኛል፤ አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ቋንቋ ተምሮ በሌላ ቋንቋ መሥራት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም።

ተመርቄ እዚሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለመሥራት ብፈልግ በተጨባጭ የሚጠብቀኝ ምን ዓይነት ሥራ ነው? አስቀድሜ አመሰግናለሁ።


ምላሽ፦ የፋብሪካው ነገረ ፈጅ

እህቴ፣ እኔ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የማምረቻ ድርጅት የሕግ አገልግሎት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ በቅርብ ስለማውቀው ሥራ ብቻ እነግርሻለሁ፤ ስለ ዳኝነቱና ስለ ጥብቅናው ባለቤቶቹ ይጻፉ።

ብዙ ሰው የሕግ ባለሙያ ሲባል የሚታየው ችሎት ላይ የተቀመጠ ዳኛ ወይም ካባ የለበሰ ጠበቃ ነው። ኮምቦልቻን ግን ተመልከቺ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ባንኮቹና የኢንሹራንስ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ውል የሚያረቅላቸው፣ ለክስ መልስ የሚያዘጋጅላቸውና ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት «ይህ ያስከስሰናል» ብሎ የሚያስቆም ሰው ይፈልጋሉ። እርግጥ ነው፣ ብዙዎቹ ዋናውን የሕግ ክፍላቸውን አዲስ አበባ ስለሚያደርጉ እዚህ ያለው መደብ የተቋማቱን ብዛት ያህል አይደለም፤ ይህን ሳትሰሚ እንዳትወስኚ።

የእኔ የዘወትር ሥራ በአብዛኛው ንባብና ጽሑፍ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጠረጴዛዬ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። በፋብሪካ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች በመሆናቸው ከወሊድ በፊት የሚሰጠው የ30 ቀን እና ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀን ፈቃድ በየጊዜው ጥያቄ ያስነሣል፤ የፈረቃ ኃላፊው ፈቃዱን እንደ ችሮታ ሲቆጥረው መብት መሆኑን በጽሑፍ የማስረዳው እኔ ነኝ። የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ብዙ ሠራተኛ አያውቅም። እኔ የአሠሪው ወገን ነኝ፤ ይህን የጊዜ ገደብ ለድርጅቱ ጥቅም አነሣዋለሁ። ሕሊናሽ ይህን ከባድ አድርጎ ካየው ከወዲሁ አስቢበት፤ በድርጅት ውስጥ የምትቀጠሪው የቀጠረሽን ወገን ለማገልገል ነውና።

የአካውንቲንግ ጓደኞችሽ አንድ ዓመት ቀድመውሽ መመረቃቸው እውነት ነው። የማየው ግን የሒሳብ ሠራተኛ የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ አመልካቹ ከእኛ ክፍል ማስታወቂያ እጅግ የሚበዛ መሆኑን ነው።


ምላሽ፦ ጠበቃ ከአራዳ

ልጄ፣ አንቺንም አባትሽንም ተረድቻችኋለሁ። እኔ ደሴ ላይ በጥብቅና የምተዳደር ሴት ነኝ። የአፈ ጮሌነቱን ነገር በቅድሚያ ላንሣው፤ ብዙ ልባም ልጆችን ከዚህ ሙያ ያራቀ፣ ሌሎችን ደግሞ ያለ ቦታቸው ያስገባ አጉል አስተሳሰብ ነውና።

በፍትሐ ብሔር ክርክር ጉዳዩ የሚሸነፈውም የሚረታውም በአብዛኛው በወረቀት ነው። ከሳሽ የክስ ማመልከቻውንና የማስረጃ ዝርዝሩን ያቀርባል፤ ተከሳሽ መልሱን በጽሑፍ ይሰጣል፤ በችሎት የሚደረገው የቃል ክርክር ከዚያ ከተጻፈው እምብዛም አይርቅም። በጊዜው ያልተነሣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ በቅድሚያ የሚቀርብ ተቃውሞ) እንደተተወ ይቆጠራል፤ ይርጋንም ቢሆን ባለጉዳዩ ራሱ ካላነሣው ፍርድ ቤቱ በገዛ ሥልጣኑ አያነሣለትም። ስለዚህ መልሱን ስትጽፊ የረሳሽውን ነገር ቀጠሮ ቀን ላይ የቱንም ያህል ብትናገሪ አትመልሺውም።

አባታቸው የተወላቸውን ኑዛዜ ይዘው የሚመጡ ወንድማማቾችን አስቢ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና የተፈጸመበት ቀን በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ ይኖርበታል። ጸሐፊው ያቺን አንድ መስመር ሳያሰፍራት ከቀረ፣ ሟች በእርግጥ የተናዘዘው ቢሆንም እንኳ ኑዛዜው እንዳልነበረ ሊቆጠር ይችላል። ያቺን ጉድለት የሚያያት ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ነው፤ አንቺ «ማንበብና መጻፍ እወዳለሁ» ብለሽ እንደ ድክመት የጠቀስሽው ጠባይ እዚህ ላይ እንጀራ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ሰኞ ገበያ ላይ ምን እንደሚገዛ አንቺም ታውቂዋለሽ። የገጠሩ ሰው ግን እስካሁን ለጎረቤቱ በሺዎች የሚቆጠር ብር የሚያበድረው በእምነትና በምስክር ነው። ተበዳሪው ሲክድ አበዳሪው አምስት ታማኝ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው ያዩትን ይመሰክራሉ ብሎ ያምናል፤ እኔ ደግሞ እነዚያ ምስክሮች ስለ ብድሩ ሊሰሙለት እንደማይችሉ የምነግረው ሰው ነኝ። ይህን ለአንድ አዛውንት ሳያዋርዱትና ሳያታልሉት መንገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በክፍል ውስጥ ሲያስተምሩት ግን አላየሁም።

ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉና ከደሴ ዙሪያ የሚመጣው ባለጉዳይ የሚያነሣው በአብዛኛው የገጠር መሬት፣ የውርስና የፍቺ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ወሎ የራሱ መልክ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 78 ለሃይማኖትና ለባህል ፍርድ ቤቶች ቦታ ስለሰጠ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የጋብቻና የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኝ ይችላል። በአንድ ቤት ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ወንድማማቾች ወራሾች ሆነው ሲመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን የት ለመዳኘት ፈቃዱን ሰጥቷል የሚለው ይሆናል፤ ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ደም የተቃቡ ወገኖችን ደግሞ አባጋሮቹ፣ ማለትም የአካባቢው ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ያስታርቃሉ፤ ዕርቁ የነፍስ ግድያውን ክስ ባያስቀርም ቤተሰቡን ከቂም በቀል ያድናል። ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ጠበቃውም ይህን ሥርዓት የማያውቁ ከሆነ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ያዩና ነገሩ ለምን እንደማያልቅ ይገርማቸዋል።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። የሕግ ዲግሪ በራሱ ጠበቃ አያደርግም። ተመርቀሽ፣ በሕግ ሥራ ላይ ልምድ አካብተሽ፣ ፈተና አልፈሽ ፈቃድ ታወጫለሽ። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም ክልሉ የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የሚሰጠው የፌዴራል ፈቃድ። ይኸው አዋጅ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ስለፈቀደ አዲስ ተመራቂዎች በረዳትነት የሚገቡበት በር ቀስ በቀስ ይከፈታል ብዬ አምናለሁ፤ ደሴ ላይ ግን አሁንም አብዛኛው ጠበቃ ለብቻው የሚሠራ ነው። በረዳትነት የሚሠሩት ልጆች የሚከፈላቸው ጥቂት ነው፤ የሚማሩት ግን ብዙ ነው።


ምላሽ፦ ሌላውም ይሰማ

ከላይ የጻፉት ወገኖች ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሥራ ይዘው የቆዩ ሰዎች መሆናቸው ይታወቅ። እኔ ሕግ ተምሬ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ ከብዙ ጥበቃ በኋላ አሁን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሙያዬ ጋር በከፊል በሚገናኝ መደብ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። የዐቃቤ ሕግና የዳኝነት ማስታወቂያ በየጊዜው የሚወጣ አይደለም፤ ሲወጣም ከየዓመቱ ተመራቂ የተጠራቀመው ሁሉ ይወዳደርበታል። ያሸነፈ ደግሞ ደሴ ከተማ ውስጥ ልመደብ ቢል አይሆንለትም፤ የመጀመሪያ ምድቡ ራቅ ያለ ወረዳ እንደሚሆን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል። በአሁኑ ጊዜ በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ይህ ለአንዲት ወጣት ሴትና ለቤተሰቧ ምን ማለት እንደሆነ ለማብራራት አልሞክርም።

ስለ ገንዘቡም ግልጽ እንነጋገር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምግብና የመኝታ ወጪ የሚሸፈነው በወጪ መጋራት ስለሆነ አባትሽ በአምስተኛው ዓመት ትልቅ ክፍያ አይጠየቅም፤ ይሁን እንጂ ያ ዓመት ተመርቀሽ በምትከፍዪው ዕዳ ላይ ይደመራል፤ ቤተሰብሽም ከአንቺ የሚጠብቀው ገቢ በአንድ ዓመት ይዘገያል። ከምርቃት በኋላ ሥራ እስኪገኝ ያለውንም ጊዜ አብረሽ አስቢው። ሕግ አትማሪ አላልሁም። «ሕግ ክብር አለው» በሚል ብቻ ከሆነ ግን ክብሩ ቤት ኪራይ አይከፍልም።


ጠያቂዋ፦ የቦርከና ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን ምላሽ ለአባቴ አነበብሁለት፤ «ይህ ሰው እውነቱን ነው» ካለ በኋላ የጠበቃዋን ጽሑፍ ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ ስለ ብድሩ የተጻፈው ነገር በእርሱ ላይ የደረሰ ይመስል ረጅም ሰዓት አነጋገረን።

አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የቋንቋውን ነገር እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም፤ እንዲሁም ዳኛ ለመሆን መንገዱ ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል። ከመወሰኔ በፊት አንድ ቀን ችሎት ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልግ እንደሆነም ብትነግሩኝ።


ምላሽ፦ የሕግ መምህር

የቋንቋውን ጥያቄ ልመልስ፤ በየዓመቱ ተማሪዎቼን ሳስቸግራቸው የምኖረው በዚሁ ነውና።

መማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ምርምሩም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የመውጫ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ የፌዴራል አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተሙት በአንድ ገጽ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ሆነው ነው፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩም በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ ተቀባይነት ያለው አማርኛው ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛው ስትማሪ በዚያው ቀን አማርኛውንም አንብቢው። ይህን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የለመደ ተማሪ አምስተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ፍርድ ቤት ሲላክ የክስ ማመልከቻ ያነብባል፤ ያልለመደው ግን ጥሩ ውጤት ይዞም ቢሆን «መቃወሚያ»ንና «መከላከያ»ን ለይቶ ለመጻፍ ሲቸገር አያለሁ።

ስለ ሰበር ውሳኔዎችም (በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ተብሎ በሚቀርብ አቤቱታ ስለሚሰጡ ውሳኔዎች) ማወቅ አለብሽ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመውበት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በክልል ፍርድ ቤቶችም ላይ አስገዳጅ ነው፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የቀጠለ ሥርዓት ነው። ውሳኔዎቹ በየቅጹ ታትመው የሚወጡት በአማርኛ ነው። ለምሳሌ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የተደነገገውን በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው አንቀጹን ያውቀዋል፤ በቤት ሽያጭ ክርክር ላይ እንዴት እንደሚሠራበት የሚያውቀው ግን የሰበሩን ውሳኔዎች ያነበበ ነው።

ደሴ ለሚሠራ ሰው ሌላ ጉዳይም አለ፤ ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው እርሱን ነው። በክፍል ውስጥ የምታተኩሪበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የፌዴራል ሕግ ነው፤ ደሴ ላይ የሚያፋታውና ንብረት የሚያካፍለው ዳኛ የሚሠራበት ግን የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በገጠር መሬትም እንዲሁ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ። የክልሉ ሕጎች የሚታተሙት በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ስለሆነ እርሱን ከማንበብ አትራቂ። በተቃራኒው የፌዴራል ጉዳይ ሁሉ አዲስ አበባ ይሄዳል ብለሽም አትደምድሚ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሰጠ፣ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ድርጅት ላይ የሚነሣ የፌዴራል ክርክር ደሴ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል።

ትምህርቱ ራሱ ምን እንደሚመስል ባጭሩ ልንገርሽ። መጀመሪያ የሕግ መግቢያ፣ የሕግ ታሪክ፣ ሕገ መንግሥት፣ የሰዎች ሕግና የውል ሕግ ታገኛለሽ፤ በመካከሉ የንብረት፣ የቤተሰብ፣ የውርስ፣ ከውል ውጪ ኃላፊነትና የወንጀል ሕግ፤ ከዚያ ሥነ ሥርዓቶቹ፣ ማስረጃ፣ ግብር፣ ንግድ፣ ዓለም አቀፍ ሕግና የሙያ ሥነ ምግባር ይከተላሉ። የማስረጃ ሕግ ትምህርት ብዙዎችን ያስቸግራል፤ ኢትዮጵያ በአንድ ላይ ተሰብስቦ የወጣ የማስረጃ ሕግ ስለሌላት ደንቦቹ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በ1954 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓትና በ1958 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ተለቃቅመው የሚጠኑ ናቸው። የምስለ ችሎት (ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ሆነው የሚከራከሩበት የልምምድ ችሎት) ውድድርም አለ፤ በሰው ፊት መናገር ለሚከብዳት ተማሪ የሚሻለው ከዚያ መሸሽ አይደለም፤ በመጀመሪያው ዙር በጽሑፉ ዝግጅት መሳተፍና በቀጣዩ መቆም ነው። በዚህ መንገድ አልፈው በኋላ ጎበዝ ተከራካሪ የሆኑ ተማሪዎች አሉኝ። ዩኒቨርሲቲዎች በሚያቋቁሟቸው የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት መሥራትም አቅም ለሌለው ባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፉ አማርኛውን ለማሻሻል የተሻለ ቦታ ነው።

የመውጫ ፈተናን ብዙ ሰው አዲስ ነገር ያደርገዋል። ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሲፈተኑት የኖሩት ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮርሶችም ስለሚያወጣ የውል ሕግ ማስታወሻሽን ሁለተኛ ዓመት ላይ ለሌላ ሰው ሰጥተሽ እንዳትጨርሺ።


ምላሽ፦ የቀድሞ የወረዳ ዳኛ

ስለ ዳኝነት የተጠየቀውን በአጭሩ እመልሳለሁ።

ዳኛ የሚሾመው በክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ነው። ከምርቃት ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ውድድርና የቅድመ ሥራ ሥልጠና አለ፤ ለዐቃቤ ሕግነትም ሥልጠናው ይሰጣል። በፍርድ ቤት በሌላ የሥራ መደብ የጀመሩ ወጣቶችም አሉ፤ ለምሳሌ ሬጅስትራር ሆኖ መዝገብ ሲያገላብጥ የቆየ ሰው ችሎት ሲቀመጥ ፋይል አያስደነግጠውም። ሕገ መንግሥቱ ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመራ በአንቀጽ 79 ይደነግጋል። ወረዳ ላይ ይህን መፈጸም ማለት ገበያ ላይ ሰላም የምትዪውን ሰው፣ አንዳንዴም የአከራይሽን ዘመድ፣ በማግሥቱ ልትፈርጂበት መቻል ማለት ነው፤ የዘመድ ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ከችሎቱ መነሣት አለ። ብቸኝነቱ ከደመወዙ ማነስ የበለጠ ይከብዳል። እንዲያም ሆኖ ዝም ብላ የምታዳምጥና ቀስ ብላ የምትጽፍ ሴት ዳኛ በችሎት ስትቀመጥ ባለጉዳዩ ራሱ ጩኸቱን ሲቀንስ አይቻለሁ። ይህን በርትተሽ እንድትማሪ ብዬ አልጨመርሁትም፤ ያየሁት ስለሆነ ነው።

ችሎት ለመግባት ፈቃድ አያስፈልግሽም። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በዝግ የሚታየው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል በተወሰኑ ጉዳዮች ነው፤ የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይም ለአላፊ አግዳሚ የሚታይ አይደለም። ስልክሽን ዘግተሽ፣ ዳኛው ሲገቡ ከሌላው ሰው ጋር ተነሥተሽ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ። የመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች ቀጠሮ እየተሰጠባቸው ቶሎ ቶሎ የሚያልፉ በመሆናቸው ተስፋ ቆርጠሽ አትውጪ፤ ምስክር የሚሰማበትን መዝገብ ጠብቂ። አንድ ቀን ፍትሐ ብሔር፣ ሌላ ቀን ወንጀል ችሎት ግቢ፤ ከተቻለሽ አባትሽንም ይዘሽው ሂጂ። ከነሐሴ ጀምሮ ፍርድ ቤቶች በከፊል ዝግ ስለሚሆኑ ቅጹን ከመሙላትሽም ከክረምቱም በፊት ብታደርጊው ይሻላል።